አንባቢያችሁ በየሳምንቱ ይመልስላችኋል

በየሳምንቱ ቁጭ ብላችሁ የምትጽፉ፣ የጻፋችሁትን በኢሜይል ለተመዝጋቢዎቻችሁ የምትልኩ፣ ከዚያም «ኧረ ለመሆኑ ያነበበው ሰው አለ?» እያላችሁ ስልካችሁን ደጋግማችሁ የምትከፍቱ ሁሉ፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዝም ያለ የመሰላችሁ አንባቢ ዝም አላለም። የትኛውን ርዕስ አይቶ እንደገባ፣ የቱ ጋ ሲደርስ እንዳቆመ፣ የትኛውን ሊንክ እንደተጫነ፣ በስንት ሰዓትና በየት በኩል እንደመጣ የሚናገር ምልክት ትቶላችሁ ሄዷል። ያንን ምልክት ማንበብ የተማረ ጸሐፊና ሳያይ የሚጽፍ ጸሐፊ አብረው ቢጀምሩ፣ ከዓመት በኋላ አንድ ቦታ አይገኙም። ማየትን ደግሞ ማንም ሊማረው ይችላል።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲዞር ዓይኑ ከእንግዳው ፊት አይነቀልም። የትኛው ስንኝ እንዳሳቀ፣ የቱ ጋ ጭብጨባው እንደሞቀ፣ የትኛው ጠረጴዛ የራሱን ወሬ እንደጀመረ ያያል፤ ቀጣዩን ግጥም የሚሰጠው ያንን አይቶ ነው። በኢንተርኔት ለሚጽፍ ሰው የሚጎድለው ይህ ፊት ነው። ዌብ አናሊቲክስ የምንለው የቁጥር መሣሪያ ፊቱን በከፊል ይመልስልናል። «በከፊል» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ወደፊት ታስፈልገናለች።

ቁጥር ሲባል የሚሸሹ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። «እኔ የቃል ሰው ነኝ፣ ሒሳብ አይሆንልኝም» ይላሉ። የሚያስፈልገው ሒሳብ ግን ከመደመርና ከመቶኛ አያልፍም። መሣሪያውም ሩቅ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 አርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጉግል አናሊቲክስን በነጻ ሲለቅ፣ ቀድሞ በአብዛኛው ገንዘብ ያላቸው ድርጅቶች ይጠቀሙበት የነበረው ሥራ ለማንም ክፍት ሆነ። ዛሬ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ተቀምጣ በአሮጌ ላፕቶፕ የምትጽፍ ወጣት፣ ትልልቅ ጋዜጦች ስለ አንባቢዎቻቸው የሚያዩትን ዓይነት መረጃ ሳትከፍል ታያለች። ጉግልን ለማይፈልግ ሰው በራሱ ሰርቨር ላይ የሚጭነው ማቶሞ አለ፤ ኩኪ የማይጠቀም ቀለል ያለ ነገር ለሚወድ ፕላውዝብል አለ። የኢሜይል መላኪያዎቹም፣ ሰብስታክ ይሁን ሜይልቺምፕ፣ የየራሳቸው ዳሽቦርድ፣ ማለትም የቁጥር ማሳያ ገጽ፣ አላቸው። ስለዚህ ሰበብ አልቀረልንም። የቀረው ገብቶ ማየት ብቻ ነው።

ከምትወዱት ቁጥር ልጀምር። የተመዝጋቢ ብዛት ሲጨምር ደስ ይላል፤ ለጓደኛ ይነገራል፣ በስክሪንሾት ይለጠፋል። ብቻውን ሲቆም ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ዓይነት ሀብት ነው። አምስት ሺህ ተመዝጋቢ ኖሮት አብዛኛው ከፍቶት የማያውቅ ጸሐፊ ይኖራል፤ ሦስት መቶ ተመዝጋቢ ኖሮት ሁለት መቶው ቀኑን እየቆጠረ የሚጠብቀውም ይኖራል። ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ሁለተኛውን መሆን እመርጣለሁ። ሦስት መቶ ሰው ማለት ትልቅ አዳራሽ ሞልቶ እናንተን የሚሰማ ሕዝብ ነው። በዚህ ቁጥር አትፈሩ፣ አትሸማቀቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው «ስንቱ ከፈተው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ የማያውቅ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። በኢሜይላችሁ ውስጥ ስፋቷም ቁመቷም አንድ ፒክስል የሆነች፣ በዓይን የማትታይ ምስል ትገባለች። አንባቢው ደብዳቤውን ሲከፍት የኢሜይል መተግበሪያው ያችን ምስል ከላኪው ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም «ተከፈተ» ብሎ ይመዘግባል። የተቆጠረው እንግዲህ የምስሏ መጠራት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ከአይኦኤስ 15 ጋር የግላዊነት ጥበቃ አመጣ፤ ይህን ጥበቃ ያበራ ሰው የአፕል ሜይል ሲጠቀም፣ ደብዳቤውን ከፈተውም አልከፈተው ምስሎቹ ቀድመው ይወርዳሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ዳታ ለመቆጠብ ብሎ ምስል እንዳይወርድ የዘጋ አንባቢ አለ፤ እሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያነብላችሁም አይቆጠርም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ አይፎን የሚበዛበት አገር ነው፤ አገር ቤት ግን አብዛኛው ስልክ አንድሮይድ ነው። የመከፈት ቁጥሩን ብቻ ያመነ ጸሐፊ «የሚወደኝ የውጭው አንባቢ ነው፣ የአገር ቤቱ አያነብም» ብሎ ሊደመድም፣ ጽሑፉንም ሊንኩንም ወደ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ሊያዞር ይችላል። ልዩነቱ የመጣው ከስልኩ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ያወቀ ጸሐፊ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነበውን ታማኝ ሰው አይጥለውም። መሣሪያውን ማወቅ አንባቢን ከመበደል ያድናል የምለው ለዚህ ነው።

እኔ ከመከፈት ይልቅ ሊንክ መጫንን አምናለሁ። ሊንክ የተጫነ ሰው ፈልጎ ጣቱን አንቀሳቅሷል። ይሁንና ደብዳቤው በተላከ በሰከንዶች ውስጥ ያሉትን ሊንኮች ሁሉ አንድ ላይ የተጫነ «አንባቢ» ካያችሁ ሰው ነው ብላችሁ አትደሰቱ፤ የመሥሪያ ቤት ኢሜይሎችን የሚፈትሽ የደህንነት ፕሮግራም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከመጫንም በላይ የሚያኮራው ደግሞ መልስ መጻፍ ነው። «ያለፈው ሳምንት የጻፍሽው ጠቀመኝ፣ ለወንድሜም ላክሁለት» የሚል ሁለት መስመር ያገኘች ጸሐፊ ከየትኛውም ዳሽቦርድ የማይገኝ ነገር አግኝታለች።

በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የማይነግሯችሁ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ እሱም የፊደላችን ክብደት ነው። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነን ደብዳቤ ይቆርጠዋል፤ ቀሪውን ማየት የፈለገ አንባቢ ሌላ ቦታ መጫን ይኖርበታል። ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር፣ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። እርግጥ የእኛ አንድ ፊደል ድምፅ ሰጪውንም አብሮ ስለሚይዝ ጽሑፉ ባጠቃላይ ሦስት እጥፍ ከብዶ አይቀርም። ቢሆንም ረጅም የአማርኛ ደብዳቤ፣ ከስሩ ካለው የዲዛይን ኮድ ጋር ሲደመር፣ ከምታስቡት ቀድሞ ከገደቡ ይደርሳል። ሲቆረጥ ምን ይሆናል? ያቺ የምትቆጥረው ምስል ከታች ከተቀመጠች አብራ ትቀራለች። ጽሑፉ ተከፍቶ ተነቦ ሳለ ዳሽቦርዱ «አልተከፈተም» ይላችኋል፤ እናንተም «ረጅም ስጽፍ ሰው አይወድልኝም» ብላችሁ በደንብ የምትችሉትን ረጅም ጽሑፍ ትተዋላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። የጽሑፉን መግቢያና ዋናውን ሐሳብ በደብዳቤው ላኩ፣ ቀሪውን ድረ ገጻችሁ ላይ አድርጉትና ሊንክ ስጡ። በዚያው «የበለጠ ማንበብ የፈለገው ስንቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ታገኛላችሁ።

አንባቢው ድረ ገጹ ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው ነገር የበለጠ ሀብታም ነው። ቻርትቢት የተባለው የንባብ መከታተያ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ቶኒ ሄይል እ.ኤ.አ. በ2014 ታይም መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ ወር የተደረጉ ሁለት ቢሊዮን ያህል ጉብኝቶች ሲታዩ 55 በመቶዎቹ ከ15 ሰከንድ ያነሰ ንቁ ቆይታ እንደነበራቸው አስነብቧል። አንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ መጋራቱና በትኩረት መነበቡም አብረው እንደማይሄዱ ኩባንያው አይቷል። ይህን የሰማ ጸሐፊ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አየዋለሁ፦ እናንተ ዘንድ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ የቆየ ሰው ምን ያህል ውድ ስጦታ እንደሰጣችሁ ይነግረኛል። በዚያ ሁሉ ሩጫ መሐል ቆሞ አነበባችሁ!

አሁን በሥራ ላይ ያለው አራተኛው የጉግል አናሊቲክስ ትውልድ፣ አሮጌው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2023 መረጃ መቀበሉን ካቆመ በኋላ ብቻውን የቀረው፣ አንድን ጉብኝት «የተሳተፈ» የሚለው ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ገጽ ካየ፣ ወይም እናንተ ቁልፍ ነው ያላችሁትን ነገር ካደረገ ነው። አንባቢው የገጹን 90 በመቶ ወርዶ ሲደርስም ምልክት ይመዘግባል። የገባውን ሰው ብዛትና ታች የደረሰውን ጎን ለጎን አድርጉና እዩ። እንበል ስለ ገንዘብ አያያዝ ትጽፋላችሁ፤ አንዱ ጽሑፋችሁ ስለ ዕቁብ፣ ሌላው ስለ አክሲዮን ነው። የአክሲዮኑን ብዙ ሰው ገባበት፣ ታች የደረሰው ግን ጥቂት ነው። የዕቁቡን ጥቂት ሰው ገባበት፣ የገባው ግን አብዛኛው እስከ መጨረሻው ሄደ። ምን ይነግራችኋል? የአክሲዮን ጉዳይ ሰው የሚፈልገው ነው፤ አጻጻፋችሁ ግን አልያዘውም፣ ምናልባት መግቢያው ከብዷል። የዕቁቡ ጽሑፍ በደንብ ተጽፏል፤ ርዕሱ ግን ሰው አልጠራም። ለመጀመሪያው መግቢያውን፣ ለሁለተኛው ርዕሱን ብቻ ብታስተካክሉ ሁለቱም ይነሳሉ። «ጽሑፌ አልሠራም» ብሎ በደፈናው ከማዘን፣ የቱ ጋ እንዳልሠራ አውቆ ያንን ማስተካከል ምን ያህል ልብ እንደሚያሳርፍ የሞከረው ያውቃል።

ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የእኛ አገር መልስ ብዙውን ጊዜ ቴሌግራም ነው። ችግሩ፣ ከቴሌግራም የሚነሳ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የመጣበትን ሳይናገር ይገባል። መተግበሪያው የመነሻውን አድራሻ ስለማያሳልፍ ዳሽቦርዱ «ቀጥታ የመጣ» ከሚለው መደብ ውስጥ ይጥለዋል፤ አድራሻችሁን በእጁ ጽፎ የገባ ይመስላችኋል። የቤተሰብ ግሩፕ፣ የዕድር ግሩፕ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ግሩፕ ጽሑፋችሁን እየተቀባበለ ሳለ እናንተ ምንም አታውቁም። ለዚህ የሚረዳው ዩቲኤም የሚባለው ምልክት ነው፤ ከሊንኩ ጭራ ላይ የሚቀጠል አጭር መለያ። ለቴሌግራም ቻናላችሁ አንድ፣ ለፌስቡክ አንድ፣ ለኢሜይሉ አንድ መለያ ስጡ። መለያውን በላቲን ፊደል አድርጉት፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በሊንክ ውስጥ ሲገባ ወደ ዘጠኝ ምልክት ስለሚዘረዘር ሊንኩ ሰው የሚፈራው ረጅም ነገር ይሆናል። ይህን ባደረጋችሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ቦታና አንባቢያችሁ በእውነት የሚመጣበት ቦታ አንድ መሆን አለመሆናቸውን ታያላችሁ። ጉልበትን ወደሚያፈራው ቦታ ማዞር ከዚህ የበለጠ ጥበብ አይጠይቅም።

ስለ ሰዓት ሳላነሳ አላልፍም፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ ከማንም ይልቅ ንቁ መሆን አለበት። አንባቢዎቻችን በዓለም ላይ ተበትነዋል። አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሪያድም ያው ነው፣ ዱባይ 3 ሰዓት ሆኗል፤ ዋሽንግተን ግን ገና የምሳ ሰዓት ነው። እሁድ ሥራ የሌለው ሰው አዲስ አበባና ዋሽንግተን አለ፤ እስራኤልና ሳዑዲ ግን ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ እሁድ የሥራ ሳምንት ይጀመራል። ለሁሉም የሚመች አንድ ሰዓት ላይኖር ይችላል፤ የእናንተ አንባቢ በብዛት የት እንዳለና መቼ እንደሚያነብ ግን ዳሽቦርዱ ያሳያችኋል። አስቀድማችሁ የዳሽቦርዱን ሰዓት አረጋግጡ። የሎስ አንጀለስ ሰዓት ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰኞ ጠዋት እስከ 4 ወይም 5 ሰዓት የተነበበው ሁሉ እንደ እሁድ ይመዘገባል፤ «እሁድ ሰው በደንብ ያነብልኛል» ብላችሁ የምትሠሩት ዕቅድ ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፋል።

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የትንሣኤ በዓል በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ። የ2017ን ሚያዝያ አጋማሽ ከ2016ቱ ጋር በቀን ብቻ ያነጻጸረ ሰው፣ አንዱን የሁዳዴ ሳምንት ከአንዱ የፋሲካ ሳምንት ጋር እያነጻጸረ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ሰው ምን ላይ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። በዓል ነበር? ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር? የፈተና ሰሞን ነበር? አገሩን የሚያውቅ ጸሐፊ ቁጥሩን ከማንም ባለሙያ በተሻለ ያነባል፤ ይህ እናንተ ብቻ ያላችሁ ብልጫ ነው።

አሁን ሁልጊዜ የሚያነቃቃኝን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2007 ዓ.ም. የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ድረ ገጽ ላይ ሰዎች የኢሜይል አድራሻቸውን እንዲሰጡ የሚጋብዝ የመግቢያ ገጽ ነበር። ከጉግል ወደ ዘመቻው የመጣው ዳን ሲሮከር ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አደረገ። አራት ዓይነት የመጫኛ ጽሑፍ፣ ስድስት ዓይነት ምስልና ቪዲዮ አዘጋጁና እያቀላቀሉ 24 መልክ ሠሩ። ከ310 ሺህ በላይ ጎብኚዎች ሳያውቁት ተከፋፍለው እያንዳንዱን መልክ ወደ 13 ሺህ ሰው አየው። የዘመቻው ሰዎች ከቪዲዮዎቹ አንዱ እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ነበሩ። ውጤቱ ሲመጣ ቪዲዮዎቹ ሁሉ ከምስሎቹ በታች ሆኑ። ያሸነፈው ኦባማ ከቤተሰቡ ጋር ያለበት ፎቶ፣ «የበለጠ ይወቁ» ከሚል መጫኛ ጋር ነበር። የቀድሞው ገጽ ከመቶ ጎብኚ 8.26ቱን ሲያስመዘግብ አዲሱ 11.6ቱን አስመዘገበ፤ በ40 በመቶ የበለጠ ማለት ነው። ሲሮከር ኋላ እንዳሰላው ልዩነቱ ወደ 2.88 ሚሊዮን ተጨማሪ የኢሜይል አድራሻና 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጨማሪ ልገሳ ያመጣ ነው።

ከዚህ ታሪክ ገንዘቡን እርሱት። ልብ የሚነካው፣ በሙያቸው የተመሰገኑ ሰዎች ተሰብስበው በእርግጠኝነት የገመቱት ነገር አለመሳካቱና እነሱም ያንን ተቀብለው መንገዳቸውን መቀየራቸው ነው። ማንም አልተዋረደም። ሲጠይቁ መልስ አገኙ፣ መልሱን ተከተሉ። እናንተም «ይህ ርዕስ ይሻላል፣ ያኛው?» እያላችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ሰዓት ሙሉ ከምትከራከሩ፣ ለግማሹ አንዱን፣ ለግማሹ ሌላውን ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ብዙዎቹ የኢሜይል መላኪያዎች ይህን ሥራ ራሳቸው ይሠሩላችኋል።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። እነሱ ለእያንዳንዱ መልክ 13 ሺህ ሰው ነበራቸው። እናንተ ሁለት መቶ አንባቢ ካላችሁ፣ በአንዱ ርዕስ ሦስት ሰው ቢበልጥ ያ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር ነው፤ ሕግ አታውጡበት። ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ሲታይ ብቻ እመኑት። ጥቂት አንባቢ ያለው ጸሐፊ ደግሞ ትልቁ ዘመቻ ያልነበረው ዕድል አለው፦ መጠየቅ ይችላል። ለ310 ሺህ ሰው በየስሙ ደብዳቤ መጻፍ አይቻልም፤ ለሁለት መቶ ሰው ግን ይቻላል። ለአሥሩ ብቻ «ባለፈው የጻፍኩት የቱ ጋ ሰለቸዎት?» ብላችሁ ብትጽፉ የምታገኙት መልስ ከወር ሙሉ ቻርት ይበልጣል። ትንሽነታችሁን ውደዱት፤ ከአንባቢ ጋር በስም የምትተዋወቁበት ዘመን ይህ ነው።

ቁጥር ማየት የጀመረ ሰው ወደ ቁጥር ባርነት የመንሸራተት አደጋ እንዳለበት አልክድም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪዲዮዎችን የሚመክርበትን መመዘኛ ከተመልካች ብዛት ወደ ቆይታ ጊዜ ያዞረው፣ ብዛት ብቻ ሲለካ አሳሳች ርዕስና ምስል ስለሚሸለም ነው። በእናንተም ላይ ያው ይደርሳል። «የማታምኑት ነገር ተፈጠረ» የሚል ርዕስ አንድ ቀን ብዙ ሰው ያመጣል፤ ያ ሁሉ ሰው ተታልሎ ሲመለስ ግን በሚቀጥለው ሳምንት የምትሉትን አያምናችሁም። ስለዚህ ለራሳችሁ የምትለኩትን ምረጡ። የእኔ ምርጫ «ካለፈው ወር አንባቢዎቼ ስንቱ በዚህም ወር ተመልሶ መጣ?» የሚለው ነው። ተመልሶ የመጣ አንባቢ አልተታለለም።

ስለሚሄዱትም አትዘኑ። ከዝርዝራችሁ የወጣ ሰው ጠላት አይደለም፤ በጨዋነት ተሰናብቷችኋል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ላኪዎች፣ በጉግል በኩል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ለሚልኩ፣ በአንድ ጠቅታ መውጫ እንዲያደርጉ፣ «ስፓም ነው» የሚለው ቅሬታም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ጠይቀዋል። ከሺህ ሦስት ሰው ማለት ነው፤ በጣም ጠባብ ነው። መውጫውን የደበቀ ጸሐፊ፣ የሰለቸው አንባቢ በንዴት «ስፓም» ሲል፣ ለሚወዱት አንባቢዎቹም መድረስ ያቅተዋል። መውጫችሁን ግልጽ አድርጉት። ለወራት ምንም ያልተጫነ፣ ያልመለሰ ተመዝጋቢም ካለ «አሁንም ልላክልዎት?» ብላችሁ ጠይቁትና ካልመለሰ በሰላም ሸኙት። ዝርዝሩ ሲያጥር ልባችሁ አይጠር፤ የቀሩት የእናንተ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስበው ግን ስለ አንባቢው አመኔታ ነው። ሰው ሲያነብ ብቻውን ነው፤ ያን ብቻነት ልናከብርለት ይገባል። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ እየተሠራበት ነው፤ እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ተመዝጋቢ ካላችሁ የአውሮፓው ሕግ እናንተንም ሊመለከታችሁ ይችላል። ሕግ ባይኖርም ግን ይህን እላችሁ ነበር፦ ለሥራችሁ የማያስፈልግ መረጃ አትሰብስቡ። «እገሌ የፖለቲካውን ጽሑፍ አምስት ጊዜ ከፈተው» ብሎ በስም መከታተል ምንም አይጠቅማችሁም፤ ዝርዝሩ በማይገባ እጅ ቢወድቅ ግን ሰውን ሊጎዳ ይችላል። በጅምላ እዩ፣ በስም አታሳድዱ። ምን እንደምትለኩና ለምን እንደምትለኩ በግልጽ አማርኛ በሁለት አረፍተ ነገር ጽፋችሁ ንገሩት። ይህን የነገራችሁት አንባቢ የበለጠ ያምናችኋል እንጂ አይሸሽም።

መጀመሪያ ላይ «በከፊል» ያልኩት ለዚህ ሁሉ ነው። ምስሏ ትዋሻለች፣ ሰዓቱ ይዛነፋል፣ ቴሌግራም መነሻውን ይሰውራል። ቢሆንም ጉድለቱን እያወቃችሁ ስታዩት፣ ከምንም በላይ የሚያበረታ መረጃ ነው። ለማየት የቀኑን ግማሽ አትስጡት። ጽሑፉ በወጣ በማግስቱ ሳይሆን አንባቢው በቂ ጊዜ ካገኘ በኋላ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ክፈቱት። ስትከፍቱትም አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፦ በዚህ ሳምንት ሰው የቱ ጋ ቆየልኝ? በሚቀጥለው፦ ከየት መጣ? በሌላው፦ ማን ተመለሰ? መልሱን በደብተር ላይ በአንድ መስመር ጻፉ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ይህች ትንሽ ልማድ ዓመቱን ሙሉ ከቀጠለች፣ ስለ አንባቢያችሁ የምታውቁትን ያህል ስለ እሱ የሚያውቅ ሌላ ጸሐፊ አይኖርም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ የዳሽቦርዳችሁን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ አስተካክሉ፣ ለቴሌግራም ሊንካችሁ መለያ ስጡት፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ግርጌ ላይ ደግሞ አንድ ግልጽ ጥያቄ ጻፉ። ለሚመልስላችሁ ለመጀመሪያው ሰው በስሙ ጠርታችሁ፣ አመስግናችሁ መልሱለት።